አርነብን ለባሕር አሸዋ ያዘጋጀሁበት ሳምንት

ስለ ጭቃ ማንም እንዳያስተምረኝ። ይኸን አስቀድመን እንስማማና ወሬው ይቀጥላል። ሱዳን ውስጥ፣ በገዳሪፍ በኩል ባለችው ባሱንዳ ላይ ክረምት ሲገባ ያ ጥቁር አፈር ምን እንደሚሠራ ያላየ ሰው ስለ መኪና አያውራ። አንድ ቀን ከዘነበበት ጫማህን ይቀማሃል፤ በሁለተኛው ቀን ካልሲህን፤ በሦስተኛው ቀን እዚያው ቆመህ ከተገኘህ በቃ እንደ ማሽላ ትበቅላለህ። እኔ ከዚያ ጭቃ ውስጥ ትራክተር አውጥቻለሁ። ብቻዬን ነው ያወጣሁት ልል ነበር፤ ግን አብረውኝ የነበሩት አሥራ አንድ ሰዎች ይኸን ሊያነቡት ይችላሉ።

ታዲያ ጥፋቴ ምንድን ነው? አሸዋ የደረቀ ጭቃ ይመስለኝ ነበር። እሱ ብቻ ነው። ሌላ ጥፋት የለብኝም። ጂኦግራፊ ሳይማር ነው እንዳትሉኝ፣ ከትምህርት ጋር ሰባተኛ ክፍል ላይ ተጣልተናል፤ ጥፋቱ የሱ ነበር።

ነገሩ የተነሣው ከእትየ ጥሩወርቅ ጉልበት ነው። እትየ ጥሩወርቅ የጎንደር ሰው ናት፤ ገዳሪፍ ሰሊጥ ገበያ ላይ የተቀደደ ጆንያ እየሰፋች አርባ ዓመት ኖራለች። አንቱ ልበልሽ ስላት «አታስረጀኝ» ብላ በጆንያ መርፌ ልትወጋኝ ነበር፤ ስለዚህ አንቺ እላታለሁ። መተማን ተሻግሬ ገዳሪፍ የገባሁ ቀን ያስጠጋችኝ እሷ ናት። አምስት ባዶ ጆንያ አነጠፈችልኝና «ተኛ፤ ነገ ትቆጣለህ» አለችኝ። አስቡት፣ ገና ስሜን እንኳ አልነገርኳትም ነበር።

የሷ ሥራ መሬት ቁጭ ብሎ ነው። ቁጭ ማለቱን ትችለዋለች፤ ያስቸገራት መነሣቱ ነው። ለመነሣት አምስት ጊዜ «እህ» ትላለች። አንዱ እህ ለቀኝ ጉልበቷ፣ አንዱ ለግራው፣ አንዱ ለወገቧ ነው፤ የቀሩት ሁለቱ ለኔ ናቸው መሰለኝ፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ እኔን እያየች ነው የምትላቸው።

«ዘንድሮ ሰሊጡ ሲገባ ካልተነሣሁ» አለችኝ አንድ ቀን፣ «ሰው እየደገፈኝ ገበያ አልወጣም። ጆንያዬን ጠቅልዬ አገሬ እገባለሁ።»

«አገርሽ ማን አለሽ?»

«ማንም።»

እዚህስ ማን አላት? እኔ አለሁ። እኔን ያለው ሰው ምን ያህል እንዳለው እናንተው ገምቱት። ብቻ አዘንኩ፤ እኔ ሳዝን ደግሞ እቆጣለሁ። ያን ቀን ከሁለት የረክሻ፣ የባጃጅ ማለቴ ነው፣ ነጂዎች ጋር ተጣላሁ።

መድኃኒቱን የነገራት ከቀይ ባሕር የመጣ ሰሊጥ ገዢ ነው። እዚያ ዳርቻ ላይ ጉልበቱን ቁርጥማት የያዘው ሰው ጉድጓድ ቆፍሮ ይገባል፤ ፀሐይ ያጋለው አሸዋ እስከ ወገቡ ይመለስበታል፤ ሦስት ቀን እንዲህ አድርጎ በእግሩ ይሄዳል። ችግሩ ከአስፋልቱ እስከ ውሃው ያለው መንገድ ሁሉ ለስላሳ አሸዋ ነው። ጤነኛም ሰው ሲረግጠው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይገባል። እሷ በእግሯ አትሞክረውም። አሸዋ ላይ የሚሄድ መኪና ያስፈልጋል ማለት ነው።

መኪናው አለ። የምሠራበት ጋራጅ አለቃ ኡስታ ኢድሪስ ትንሽ ባለ ሁለት በር ፎር ዊል አለችው፤ አርነብ ይላታል፤ ጥንቸል ማለት ነው። ኡስታ እዚህ ለሙያ አለቃ የሚሰጥ ማዕረግ ነው። እኔን ሸጣ ይለኛል፤ በርበሬ ማለት ነው፤ ለምን እንደሚለኝ አላውቅም። እትየ ጥሩወርቅን ያከብራታል፤ የእናቱን ጆንያ ሁሉ እሷ ናት ስትሰፋ የኖረችው። ስለ ጉልበቷ ስነግረው ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።

«ሸጣ፣ እኔ ሐዋታ ልሄድ ነው፤ ትራክተሮች ይጠብቁኛል። ሳምንቱን አርነብን ለአሸዋ አዘጋጃትና ሴትዮዋን ውሰዳት። አሸዋ ላይ ነድተህ ታውቃለህ?»

«ኡስታ! እኔን?»

ልብ በሉልኝ፣ አልዋሸሁም። «እኔን» ነው ያልኩት።

«ጥሩ። እንግዲያ መጀመሪያ ጎማውን…»

«አውቃለሁ።»

«ስማኝ እንጂ፣ ጎማውን…»

«ኡስታ፣ ጎማ ለኔ ነው የምትነግረኝ?»

ሳቀ። «ኻላስ፣ በቃ፤ ካወቅህ አወቅህ። እንደወሰድካት ካልመለስካት ግን ወደ መኪና አጠባህ ትመለሳለህ» ብሎኝ ሄደ። መፍቻ ይዤ መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ወር ቢሆነኝ ነው፤ ከዚያ በፊት ዓመት ሙሉ ባልዲ ነበር የምይዘው። ያች «ጎማውን…» ብሎ ያልጨረሳት ነገር ኋላ ምን እንዳደረገችኝ ትሰማላችሁ።

ዝግጅቱን በጎማው ጀመርኩ። ጭቃ ላይ የሚሻለው ጠንካራ ጎማ ነው፤ ጭቃውን እንደ ቢላዋ ሰንጥቆ ታች ያለውን ደረቅ መሬት ይይዛል። አሸዋስ ታች መሬት የለውም? መሬት የሌለው ነገር የት አለ? ስለዚህ ንፋስ ሞላሁ። ኮምፕሬሰሩ እስኪለምነኝ ሞላሁ። በመዶሻ መታ ሳደርገው ጎማው እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ጮኸ።

እትየ ጥሩወርቅ በጋራጁ በር ጥላ ላይ ቁጭ ብላ ጆንያ ትሰፋለች። ቀና አለች።

«ጎማው ምነው እንዲህ አበጠ? ታሟል?»

«እትየ፣ ይኸ የሙያ ነገር ነው።»

«አሸዋ አይደል እንዴ የምንሄደው?»

«አሸዋ ምንድን ነው? የደረቀ ጭቃ ነው።»

«እህ» አለች። ይኸኛው እህ ከአምስቱ ውስጥ አይደለም፤ ስድስተኛ ነው።

ቀጥሎ ክብደት። ባዶ መኪና ጭቃ ላይ ይንሸራተታል፤ ጭነት ሲኖረው ግን መሬቱን ይነክሳል። ኡስታ ለቤቱ ካስቀመጠው ማሽላ ሦስት ሙሉ ጆንያ ተሸክሜ ከኋላ ጫንኩ፤ እንደወሰድኩት ይመለሳል ብዬ ነው። አርነብ ኋላዋ ወርዶ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ሰቀለች። ጸሎት ላይ ያለች ነው የምትመስለው። አሁን ሳስበው ጸሎት ላይ ነበረች።

ከዚያ ሰንሰለት። ክረምት ላይ ሎሪዎቹ ጎማቸው ላይ የሚጠመጥሙት ወፍራም ሰንሰለት አለ፤ ያን ከጋራጁ ጥግ ጎትቼ አወጣሁ። ከዚያ ዘይት። የባሕር ጨው ብረት ይበላል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ ከመኪናዋ ሥር ተጋድሜ ሆዷን ጠቅላላ በተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባሁት። እሷን ከቀባሁት እኔን የቀባኝ ይበልጣል። በመጨረሻም አሸዋ ሞተር ውስጥ እንዳይገባ የአየር መሳቢያዋን አፍ በገዛ ካናቴራዬ ወተፍኩት። ይቺን ማንም አላስተማረኝም፤ የራሴ ፈጠራ ናት።

ሞተሩን ሳስነሣው አስም እንዳለበት ሰው «ኽ… ኽ… ኽ…» አለ።

እትየ ጥሩወርቅ መርፌዋን አቆመች። «እኔ ደረጃ ስወጣ እንደዚህ ነው የምለው።»

«እስኪለምደው ነው።»

በመሄጃችን ቀን እሷም ተዘጋጅታ መጣች። ምን ይዛ መሰላችሁ? ሠላሳ ባዶ ጆንያ፤ በገመድ ጠፍራ።

«ይኸ ምንድን ነው እትየ?»

«ጆንያዬ ነው። ገበያ ላይ ጥዬው ብሄድ ይወስዱብኛል። ደግሞ ሦስት ቀን አሸዋ ውስጥ ስቀበር እጄ ሥራ ይፈታል እንዴ? እሰፋለሁ።»

እኔ ተናደድኩ። «ይኸን ሁሉ ሳምንት የለፋሁት መኪና ላይ የማይረባ ጭነት ትጭኛለሽ?» ብዬ ጮኽኩባት። ከኋላዬ ሦስት ጆንያ ማሽላ አለ፤ እኔ ስለ ባዶ ጆንያ እጮኻለሁ። እሷ ጆንያዎቹን በመስኮት ወርውራ አስገባቻቸውና ራሷ ላያቸው ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

መንገዱ አስፋልት ነው፤ እሱን አላወራም፤ ብቻ ያ የጠነከረ ጎማ ትንሽ ጠጠር በረገጠ ቁጥር ራሳችን ጣሪያ ይመታ ነበር። ከሰላ ከተማን ካለፍን በኋላ አንድ ኬላ ላይ ወታደር አስቆመን። የኋላውን በር ከፍቶ ማሽላውን መታ መታ አደረገው።

«ወዴት ነው?»

«ባሕር።»

«ማሽላውስ?»

«እሱም ባሕር።»

«ማሽላ ባሕር ላይ ምን ያደርጋል?»

«ይከብዳል» አልኩት። እውነቴን ነው፣ ሥራው መክበድ ነው።

ሰንሰለቱን አየ። ጎንበስ ብሎ የሚንጠባጠበውን ዘይት አየ። ኮፈኑን አስከፈተኝና ካናቴራዬን አየ። ከዚያ ጓደኛውን ጠራ፤ ሁለቱም እንደገና አዩ። ያን ጊዜ እትየ ጥሩወርቅ በመስኮት አንገቷን አውጥታ በዐረብኛ «ልጄ፣ አትድከም፤ እኔም አልገባኝም» አለችው። ወታደሮቹ እየሳቁ ገመዱን አወረዱልን። እኔ ብቻ ነኝ ያልሳቅኩት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ደረስን። ውሃው ወዲያ ማዶ ሰማያዊ ሆኖ ተዘርግቷል፤ በኛና በሱ መካከል ነጭ አሸዋ ብቻ። አስፋልቱ ዳር አቁሜ ሰንሰለቱን ጠመጠምኩ፣ ፎር ዊል አስገባሁ፣ «እትየ፣ ያዢ!» ብዬ ነዳጁን ረገጥኩ።

መቶ እርምጃ ያህል ሄድን። እንደ ንጉሥ ነው የሄድነው። ከዚያ ቀስ አለች። እኔ ደግሞ ጭቃ ላይ መኪና ቀስ ሲል ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ፤ ጎማው ይሽከርከርና ጭቃውን ይወርውር። ረገጥኩ። ሰንሰለቱ አሸዋውን እንደ አካፋ እየዛቀ ወደ ኋላ ይረጨዋል፤ አርነብ ወደ ፊት አትሄድም፣ ወደ ኋላም አትሄድም፤ ወደ ታች ትሄዳለች። ሲበቃት ሆዷን አሸዋው ላይ አሳርፋ ተቀመጠች። ወርጄ ከሥር ሳይ ያ ዘይት ያገኘውን አሸዋ ሁሉ ይዞታል፤ ዱቄት ለብሶ መጥበሻ የሚጠብቅ ዓሣ ነው የምትመስለው።

«የደረቀ ጭቃ» አለች እትየ ጥሩወርቅ ከመስኮቱ።

አካፋዬን አንሥቼ ቆፈርኩ። ጭቃ ብትቆፍረው ቢያንስ ያከብርሃል፤ ጉድጓዱ ባለበት ይቆያል። አሸዋ ግን ዞር ስትል ተመልሶ ይተኛል። እኔም እልኸኛ ነኝ። ታች እርጥቡ ላይ ስደርስ ቆመልኝ፤ ከሁለቱ የኋላ ጎማዎች ኋላ ሁለት ትላልቅ ጉድጓድ አወጣሁ። ወገቤ ቃ አለ። እንደገና ሞተር አስነሣሁ። ኽ… ኽ… እና ዝም።

እትየ ጥሩወርቅ አልሳቀችም። ያ ነው ያናደደኝ። ባሕሩን እያየች ጉልበቷን በእጇ ታሻለች፤ ደጃፉ ላይ ደርሰን ልንመለስ ነው ብላ ይሆናል። «ግድ የለህም የኔ ልጅ፣ አየሁት እኮ፤ ማየቱም ይበቃል» አለችኝ። በጆንያ መርፌ ብትወጋኝ ይሻለኝ ነበር።

ይኸኔ አንድ ሰው ግመል እየሳበ መጣ። ጸጉሩን ጎፈሬ ያደረገ፣ መረብ ትከሻው ላይ የጣለ፣ እዚያው ዳርቻ የሚኖር ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ኋላ እንደነገረን ስሙ አድሮብ ይባላል። ሰላም አለንና ግመሉን አስተኝቶ ቁጭ ብሎ ያየኝ ጀመር። ሰው ሲለፋ ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው እኔ አልወድም።

«ምን ታያለህ?» አልኩት በዐረብኛ።

«ማሽላው ለዓሣው ነው?» አለኝ።

እትየ ጥሩወርቅ አሁን ሳቀች።

ሰውየው ተነሣ፤ ጎማውን በጣቱ አንኳኳ። ደወሉን ሰማው። የግመሉን እግር በእጁ አነሣና አሳየኝ፤ ሰፊ፣ ለስላሳ፣ እንደ ትራስ ነው። ከዚያ ጎማዬን አሳየኝ። እንደገና የግመሉን እግር አሳየኝ። እኔ ግመል ሊሸጥልኝ ነው ብዬ «አንገዛም» አልኩት። እሱ ተንበርክኮ ከኪሱ ምስማር አወጣና የጎማው ቫልቭ ውስጥ ሰካው።

ፍስስስስ።

«ሌባ! ጎማችንን ገደለው!» ብዬ ዘለልኩ። አካፋውን ይዤ ነው የዘለልኩት፤ አሸዋው እግሬን ያዘኝና በግምባሬ ተደፋሁ።

«አንተ ልጅ! ሰውየው ሥራ ላይ ነው፤ ተወው!» ብላ እትየ ጥሩወርቅ ጮኸች።

በግምባሬ እንደተደፋሁ ጎማው ቀስ እያለ ሲተኛ፣ ሲሰፋ፣ ግመል እግር ሲመስል አየሁት። ጆሮዬ ላይ ደግሞ የኡስታ ድምፅ መጣ፤ «መጀመሪያ ጎማውን…»። አስተንፍሰው ሊለኝ ነበር። አንዲት ቃል ናት። አንዲት ቃል ብጠብቀው ኖሮ!

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስናገር ያንገበግበኛል። ሳምንት ሙሉ የሠራሁትን አንድ በአንድ አፈረስን፤ አንድ ባፈረስን ቁጥር መኪናዋ ትሻላለች። አራቱን ጎማ አስተነፈስን። ሰንሰለቱን ፈታነው። ማሽላውን አወረድነው፤ ግመሉ ወዲያው አንዱን ጆንያ ቀዶ ምሳውን ጀመረ። ካናቴራዬን ሳወጣላት አርነብ ረጅም ትንፋሽ ሳበች፤ እኔም ለበስኳት፣ ሌላ አልያዝኩም ነበር። እትየ ጥሩወርቅንም ተጋግዘን አወረድናት። አድሮብ ከጎማው ፊት የሚነጠፍ ነገር ፈለገ፤ ዘወር ዘወር ብሎ አየና የሷን ባዶ ጆንያዎች አነሣ። ያ የማይረባ ጭነት ያልኩትን።

«ቀስ! ያንን ትናንት ነው የሰፋሁት!» ትላለች እሷ። «አንተ ሸጣ፣ አዲሶቹን ከሥር አታድርግ፣ አሮጌዎቹን አስቀድም!»

ጆንያ በጆንያ ላይ አነጠፍን። አድሮብ «ቀስ ብለህ፤ እንደ ሙሽራ» አለኝ። ነዳጁን ነካ ብቻ አደረግኩት። አርነብ ተንቀጠቀጠች፣ ከጉድጓዷ ወጣች፣ ጆንያውን ረገጠች፤ ከዚያ አሸዋው ላይ ዳክዬ ውሃ ላይ እንደምትሄደው ሄደች። ውሃው አፍ ድረስ ነዳኋት። ስልኬን ፀሐይ እንዳይመታው ብዬ ወንበሩ ላይ ትቼ እየጨፈርኩ እየሮጥኩ ተመለስኩ።

«እትየ! ነይ ግቢ፣ ላድርስሽ፤ ውሃው አጠገብ እቆፍርልሻለሁ!»

እትየ ጥሩወርቅ ግን እኔ የቆፈርኩት ጉድጓድ አፍ ላይ ቁጭ ብላ እግሮቿን ወደ ውስጥ አንጠልጥላለች። አድሮብ አጠገቧ ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል።

«ወዴት ነው የምትወስደኝ?» አለች። «ጉድጓዴ እኮ ይኸው። ሰውየው ከዚህ የተሻለ አይቆፈርም እያለኝ ነው።»

ወረደችበት። ልክ ለሷ ተለክቶ የተሠራ ነው። የጋለውን አሸዋ ከላይ ከላይ እየዛቅን እስከ ወገቧ መለስንባት፤ አንድ ጆንያ ለጥላ ራሷ ላይ ጣል አደረግንላት። ዐይኗን ጨፈነች። «እህ» አለች፤ ይኸኛው ግን እስካሁን ሰምቼው የማላውቀው እህ ነው፤ ሰባተኛ። የጣፈጠ ምግብ የቀመሰ ሰው ነው እንዲህ የሚለው።

ሦስት ቀን እዚያው ነበርን። አድሮብ ዓሣ ያመጣልናል፤ እኛ ማሽላ እንሰጠዋለን፤ ግመሉ የቀደደውን ጆንያ እሷ እዚያው ተቀብራ ሰፋችው። የኔም ወገብ ከቁፋሮው በኋላ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር፤ ሁለተኛው ጉድጓድ ደግሞ ባዶውን ቆሟል። «ግባ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ። ገባሁ። በሕይወቴ ማንም ላይ ያልተቆጣሁት ያን ሦስት ቀን ነው። ሰው ግማሹ ሞቃት አሸዋ ውስጥ ሆኖ መቆጣት አይችልም፤ ሞክሬዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጎን ለጎን ተቀብረን ሳለ ስልኬ ጮኸ። ስልኩ ያለው አርነብ ውስጥ ነው፤ አርነብ ደግሞ ውሃው አጠገብ ናት። ጮኸና ዘጋ። እንደገና ጮኸ።

«ኡስታ ነው» አልኩ። ልነሣ ብል እግሬ አልሰማኝም፤ እስከ ደረቴ ነው የቀበሩኝ። «ወይኔ! ካላነሣሁት መኪናዋ የጠፋች ይመስለዋል! ባልዲዬን ያዘጋጃል!»

እንደ ትል ስገላበጥ፣ አሸዋ ስተፋ፣ ቀና ብል ከጎኔ ያለው ጉድጓድ ባዶ ነው። እትየ ጥሩወርቅ በእግሯ እየሄደች ነው። ሳምንት ሙሉ መኪና ያዘጋጀሁለትን አሸዋ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ «መጣሁ፣ መጣሁ» እያለች ታቋርጠዋለች። ስትነሣ ስንቴ እህ እንዳለች አልሰማሁም። አንዴ ይሆናል። እኔ ጩኸት ላይ ነበርኩ።

ስልኩን አነሣችና እየተናገረች ተመለሰች። ድምፁ ወደ ውጭ ይሰማል።

«ሐጃ፣ መኪናዋ ተቀበረች እንዴ?» ይላል ኡስታ፤ እዚህ ትልቅ ሴትን ሐጃ ነው የሚሏት።

«የለም፣ እሷ ቆማለች። የተቀበረው ሸጣ ነው።»

መሣቁን እስኪጨርስ ጠበቅን። ከዚያ አጠገቤ ቁጭ ሳትል፣ ቆማ፣ ጎንበስ ብላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ያዘችልኝ።

«ሸጣ» አለኝ ኡስታ፣ «ነገ ወደ አስፋልቱ ከመውጣትህ በፊት ጎማውን…»

አፌን ከፈትኩ። እትየ ጥሩወርቅ በሌላ እጇ እፍኝ አሸዋ አነሣችና አፌ ላይ አነጣጠረች።

«ምን ላድርገው ኡስታ?» አልኩት።